በሙሉ ድምፅ የተመረጠው ሲንክ

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ግልባጭ፦ በምድር ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ሊፍት እየጠበቁ ለሚያነቡ ሁሉ

ክቡር ሰብሳቢያችን፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ውሳኔዎችዎ የጸና፣ ወገብዎም እንደ ኮሚቴው ደንብ በቀላሉ የማይታጠፍ ይሆን ዘንድ ያለኝን መልካም ምኞት በአክብሮት እገልጻለሁ። ባለቤትዎና ልጆችዎም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና አብራኝ የምትኖረው እናቴ ከወጥ ቤታችን በር ወዲህ ደህና ነን፤ ከበሩ ወዲያ ያለውን ነው እንግዲህ ለማስረዳት የተነሳሁት።

ጉዳዩን መጀመሪያ ያቀረብኩት በታሸገ ፖስታ ነበር። የኮሚቴው ጸሐፊ ማመልከቻዬን በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ሻይ ጋብዘውኝ፣ ስለ ሥራዬና ስለ እናቴ ጤና በዝርዝር ጠይቀውኝ፣ ከዚያም እንደማይቻል ነግረውኛል። እንዲህ ባለ ጨዋነት ተከልክዬ ስለማላውቅ የኮሚቴውን ደግነት ለብቻዬ ይዤ መቅረት ንፉግነት መሰለኝ። ይህኛውን ደብዳቤ ሊፍት በሚጠበቅበት ቦታ የለጠፍኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሊፍታችንም የማይቸኩል በመሆኑ ጎረቤቶቼ እስከ መጨረሻው ለማንበብ በቂ ጊዜ ያገኛሉ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ከሥሩ ላስረዳ። የሕንፃው የውሃ መስመር አርጅቶና ዝጎ፣ ከላይ ያለው ቤት ዕቃ ባጠበ ቁጥር ከታች ያለው ቤት ጣሪያ ያንጠባጥብ ነበር። ከእኔ በታች የሚኖሩት ጡረተኛ ነርስ ምግባቸውን የሚያበስሉት ከምድጃው ጎን ባልዲ ደቅነው ስለነበር፣ እኔ ድስት ባጠብኩ ማግስት ደረጃ ላይ ስንገናኝ አቀርቅሬ ነበር የማልፈው። እርስዎ የሁሉም ወጥ ቤት ፈርሶ፣ መስመሩ ተለውጦ፣ እንደ አዲስ እንዲሠራ ወሰኑ፤ አቧራውንና ጩኸቱን ችለንም ተሠራ። ዛሬ ነርሷ ባልዲያቸውን አንስተዋል፣ እኔም ቀና ብዬ ሰላም እላቸዋለሁ። ለዚህ ምስጋናዬ ከልብ ነው፣ አሽሙር የለበትም። አሽሙሩ ከዚህ በታች ይጀምራል።

እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ስትሮክ የሚሉት ሕመም ቀኝ ጎኗን ሲመታት እግሯ ቀስ በቀስ ተመለሰላት፤ ቀኝ እጇ ግን ጭኗ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። የስፌት መኪናዋን ለወንድሜ ልጅ ሰጠች፣ መቀሷን ለጎረቤት ሰጠች፣ ከዚያም ከእኔ ጋር ለመኖር በአንድ ነገር ብቻ ተስማማች፦ «ዕቃ የማጥበው እኔ ነኝ፤ እንግዳ አድርገሽ የምታስቀምጪኝ ከሆነ አልመጣም» አለችኝ። አሮጌው ሲንካችን ጠርዙ የተላላጠና መልኩ የጠፋ ቢሆንም ለዚህ ውል ታስቦ የተሠራ ይመስል ነበር። ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ ከፍ ካለ ወንበሯ ሳትነሳ ከሥር ያለውን ማንኪያ በግራ እጇ ታወጣለች። የቧንቧው እጀታ ረዘም ያለ በመሆኑ በክርኗ ገፋ ስታደርገው ውሃው ይመጣል፣ መልሳ ገፋ ስታደርገው ይቆማል። ሳህኑን በሲንኩ ጠርዝና በሆዷ መካከል አጣብቃ ትፈትገዋለች። ከፋርማሲ ውዬ ስመለስ መደርደሪያው ላይ የማገኛቸው ብርጭቆዎች እኔ ካጠብኳቸው ይልቅ የጠሩ ነበሩ፤ እሷም ይህን ሳትነግረኝ የቀረችበት ቀን አልነበረም።

ወጥ ቤቱ እንደሚፈርስ በተሰማ ጊዜ ሲንክና ቧንቧ ለመምረጥ አብረን ወጣን። ክቡር ሆይ፣ ከእናቴ ጋር ሲንክ መምረጥ ለወንድ ልጅ ሚስት ከመምረጥ አያንስም። በየሱቁ እየገባች ወንበር ታስመጣለች፣ ሲንኩ ፊት ትቀመጣለች፣ የሌለ ውሃ ከፍታ የሌለ ሳህን ታጥባለች። ይህኛው ጠርዙ ስለታም ነው፣ ያኛው ውሃ መልሶ ይረጫል፣ የወዲያኛው ማዕዘኑ ቆሻሻ ይይዛል እያለች ሦስት ሰፈር አዞረችኝ። አንዱ ሻጭ ትዕግሥቱ አልቆ «እማማ፣ ይሄ እኮ አሁን የመጣ ነው፤ ሁሉም ሰው የሚወስደው ይሄንን ነው» ቢላት፣ «ሁሉም ሰው ሁለት እጅ አለው፤ ለኔ የሚሆነውን አምጣልኝ» አለችው። ሰውየው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወደ መጋዘኑ ገባና ሰፋ ያለ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ዓይን ብዙም የማይሞላ ሲንክ ከባለ ረጅም እጀታ ቧንቧ ጋር ይዞ መጣ። ተቀመጠች፣ እጀታውን በክርኗ ገፋችው፣ ዝም አለች። እናቴ አንድን ነገር ስትወደው አስተያየት ያልቅባታል። እንዲያስቀምጥልን ተነጋግረን ወጣን፤ በመንገዳችንም ሁሉ አዲሱ ወንበሯ የት እንደሚቆም ስትነግረኝ መጣች።

በዚያው ሰሞን የሁሉም ቤት ሲንክና ቧንቧ አንድ ዓይነት እንዲሆን መታሰቡና ስብሰባ መጠራቱ ተለጠፈ። ምክንያቱም አንደኛው መለዋወጫ ለመግዛት ይመቻል የሚል፣ ሁለተኛው ደግሞ የሕንፃውን አንድነት ያጠናክራል የሚል ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድነታችን የላላው በሲንክ ምክንያት መሆኑን ሳላውቅ መኖሬ ያሳፍረኛል። ሊፍት ውስጥ ተጠጋግተን ቆመን ጣሪያ ስናይ ሌላ ምክንያት ያለው ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፦ ስለ አመራረጡ። በስብሰባው ቀን ተረኛ ስለነበርኩ አልተገኘሁም፤ ያለፈውን የነገሩኝ ከታች ያሉት ነርስ ናቸው። ሦስት ናሙናዎች መጥተው በአዳራሹ ወለል ላይ ተደረደሩ፣ ተሰብሳቢውም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዙሪያቸውን ቆመና ከላይ ወደ ታች ተመለከታቸው። ወለል ላይ የተቀመጠ ሲንክ ለቆመ ሰው ሁሉ ዝቅ ያለ መሆኑ፣ ዕቃ የሚታጠበው ግን ሲንኩ ሆድ ድረስ ከፍ ብሎ እንደሆነ ያነሳ ሰው አልነበረም። ጎንበስ ብሎ እጁን የከተተም አልነበረም። ከሦስቱ ጥልቁ «ብዙ ዕቃ ይይዛል» ተብሎ ተመረጠ። በእርግጥም ይይዛል፤ የያዘውን አለመልቀቁ ነው ችግሩ። እናቴ በወንበሯ ተቀምጣ ግራ እጇን እስከ ብብቷ ብትከተው ከሥር ያለው ማንኪያ ጋ አትደርስም። ቆማ እንዳታጥብ ደግሞ የምትደገፍበት እጅና የምታጥብበት እጅ አንድ ነው።

መፍትሔ አልፈለጋችሁም እንዳይባል፣ ፈልገናል። ሳፋ ደፍተን ሲንኩ ውስጥ አስቀመጥን፤ ውሃው ሲሞላ ሳፋው ተነስቶ ብርጭቆ ሰበረ። ወንበሩን በእንጨት ከፍ አደረግነው፤ እናቴ ላዩ ላይ ስትወጣ እኔ ዓይኔን መክደን ጀመርኩ፣ ተውነው። ጸሐፊውም በበኩላቸው ሠራተኛ እንድቀጥር በቅንነት መክረውኛል። ምክራቸውን ለእናቴ አድርሻለሁ፤ የመለሰችላቸውን ግን ከእኔ ይልቅ እሷ ብትነግራቸው ይሻላል ብዬ እዚህ አልጻፍኩትም።

ሁለተኛ፦ ስለ ቧንቧው። አንገቱ ረጅም፣ ቁመናው ያማረ፣ ግራና ቀኙ ሁለት ትንንሽ ክብ መክፈቻዎች ያሉት ነው። በስብሰባው ላይ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ክብደቱ እንደተደነቀ ሰምቻለሁ። በአዳራሹ ውስጥ ግን ውሃ አልነበረም፣ ሳሙናም አልነበረም። ደረቅ እጅ የሚያዞረውን ክብ ነገር ሳሙና የነካው እጅ እንደማያዞረው ለማወቅ ዕቃ አጥቦ ማየት ያስፈልጋል፤ ከኮሚቴው አባላት መካከል በዚህ ረገድ ልምድ ያለው ይኖር እንደሆነ ባለቤቶቻቸውን ልጠይቅ አስቤ፣ የሰው ትዳር እንዳላውክ ፈርቼ ትቼዋለሁ። እናቴ መክፈቻውን በፎጣ ጠቅልላ በግራ እጇ እየታገለች ታዞረዋለች። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ውሃው እየፈሰሰ፣ እሷም ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እያየችው አገኘኋት። መክፈቱ ሆኖላት መዝጋቱ አቅቷት ኖሯል። ለምን ጎረቤት አልጠራሽም ብላት «ቧንቧ ዝጉልኝ ብዬ የሰው በር ላንኳኳ?» አለችኝ። ውሃው ስንት ሰዓት እንደፈሰሰ ሳልጠይቃት ዘጋሁትና ጀርባዬን ሰጥቻት ድስት የማጥብ መሰልኩ።

ሦስተኛ፦ ይህኛው ላይ ቀልዱ ስለሚያንሰኝ ይቅርታ ይደረግልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ ዕቃ ላለማቆሸሽ መኖር ጀምራለች። ዳቦዋን በሶፍት ይዛ ትበላለች። ምግብ ሳቀርብላት «ካንቺው ሳህን ልቅመስ» ትልና ሁለት ጊዜ ጎርሳ ትተወዋለች። ውሃ ስሰጣት ጠጥቻለሁ ትለኛለች፤ ብርጭቆዎቹን ሄጄ አያቸዋለሁ፣ ጠዋት እንደተውኳቸው ደርቀው ተደርድረዋል። እኔ ፋርማሲስት ነኝ። እሷ የምትወስደውን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ውሃ ቢያንሰው ምን እንደሚደርስበት ቀኑን ሙሉ ለሌላ ሰው እናት የማስረዳ ሰው ነኝ። ቤቴ ስገባ ግን የገዛ እናቴን እንደ ሕፃን አፏን ከፍቼ ላጠጣት አልችልም። እፈራለሁ ክቡር ሆይ፤ ይህን ቃል በማመልከቻዬ ላይ አልጻፍኩትም ነበር፣ አሁን ግን ሊፍት የሚጠብቅ ሁሉ ያንብበው።

ሻንጣዋን ከበሩ ጀርባ አቁማለች። በወሩ መጨረሻ ታላቅ ወንድሜ መጥቶ ሊወስዳት ነው። ወንድሜ ደግ ነው፣ ቤቱ ሰፊ ነው፣ ሠራተኛም አለችው። እዚያ ሶፋ ላይ ትቀመጣለች፣ ሁሉም ነገር በትሪ ይቀርብላታል፣ ትሪውም ይነሳላታል፤ ይኸውም ከሕመሙ ያላነሰ የምትፈራው ነገር ነው። «እንግዳ መሆኔ ካልቀረ የወንድምሽ ሶፋ ይሻላል፤ ያንቺው ይቆረቁራል» ብላ ቀለደች።

አራተኛም ቅሬታ ነበረኝ። ስለ ግድግዳው ንጣፍ ቀለም ነበር። ሦስተኛውን ጽፌ ስጨርስ ቀለሙ ምን እንደሆነ ረሳሁት።

ማመልከቻዬ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ የመረጠችው ሲንክና ቧንቧ በራሴ ወጪ በቤቴ እንዲገጠም ይፈቀድልኝ ብያለሁ። መስመሩን የዘረጋው የቧንቧ ሠራተኛ ለመስመሩ ምንም ልዩነት እንደሌለው አረጋግጦልኛል፣ ሻጩም እስካሁን አስቀምጦልናል። ጸሐፊው የሰጡኝ መልስ ሁለት ክፍል ነበረው። የመጀመሪያው፣ ለአንድ ቤት ከተፈቀደ ለሁሉም ሊፈቀድ ነው የሚል ነው፤ ሁሉም ቤት በግራ ክርኑ ቧንቧ መክፈት ቢጀምር የሚደርሰውን ጥፋት በዓይነ ሕሊናዬ ስላየሁት አልተከራከርኩም። ሁለተኛውን ግን ሰምቼ ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። «ውሳኔው የጸደቀው በሙሉ ድምፅ ነው። ቤታችሁም ተወክሎ ነበር፤ የሚቃወም እጁን ያውጣ ሲባል ከቤታችሁ እጅ አልወጣም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እኔን ወክላ የሄደችው እናቴ ነበረች። ለምን ዝም እንዳለች እስከዚያ ቀን አልጠየቅኳትም ነበር፤ የተሸነፍን እንጂ ዝም ያልን አልመሰለኝም ነበርና። ቤት ገብቼ ጠየቅኳት። ሻርፗን አስተካከለችና «ቀኟ እምቢ አለችኝ» አለች። ግራሽስ ብላት እንደማታውቀኝ ሰው አየችኝ። «ግራዬን? ያ ሁሉ የተከበረ ሰው ተሰብስቦ፣ ሰብሳቢው ራሳቸው ቆመው እያዩኝ ግራ እጄን ላንሳ? ስድ አደግ አይሉኝም?»

ክቡር ሆይ፣ እናቴ በራሷ ወጥ ቤት ውሃ መጠጣት ያቆመችው እርስዎን በማክበሯ ነው። ያም ሆኖ በዚያ ቀን ላደረጉላት ደግነት አመሰግንዎታለሁ። ከበሩ ተቀብለዋት፣ ክንዷን ይዘው፣ ሕዝቡን አሳልፈው ከፊት ወንበር እንዳስቀመጧት እስከ ዛሬ ለመጣ ሰው ሁሉ ትናገራለች። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ እንኳን ከኋላዬ ቆማ «ሰውየውን እንዳታስቀይሚ፣ ደግ ሰው ናቸው» ስትለኝ ነበር። የያዙላት ክንድ ቀኙ ነበር። ሲይዙት እንዴት እንደሚንጠለጠል አይተዋል፤ ጥቂት ቆይተው ደግሞ ያው ክንድ ስላልተነሳ ተቃውሞ የለም ብለው አወጁ።

ስለዚህ ልመናዬን በትሕትና እደግማለሁ። ወንድሜ ከመምጣቱ በፊት፣ የሕንፃው አንድነት ሳይናጋ፣ ጥልቀቱ ከሌሎቹ ያነሰ አንድ ሲንክ እንዲገጠም ይፍቀዱልን። ደንቡ ይህን ማድረግ የማይችል ከሆነ ደግሞ ኮሚቴው በሙሉ ቤታችን መጥቶ ምሳ እንዲበላ በአክብሮት እጋብዛለሁ። ምሳውን እኛ እንችላለን፣ ዕቃውን እናንተ ታጥባላችሁ። የሚያጥበው ሰው በእናቴ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ ያስቀምጣል፣ የቀረው ቀላል ነው። ሳሙናው አይጎድልም። እናቴም በምክሯ ታግዛችኋለች፤ እንግዳ ዕቃ ሲያጥብ ዝም ብላ ማየት አይሆንላትም። ሁለታችንም የምናፍር ይመስለኛል፣ ግን እንችለዋለን።

በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ዓይነት ሲንክ ፊት፣ አንድ ዓይነት እጅ ሳይሰጣቸው ከሚኖሩት ነዋሪዎችዎ መካከል ለጤናዎ ዘወትር የምትጨነቅ፣ ሰላምታዋንም በሁለት እጇ የምታቀርብ፣

የአራተኛው ፎቅ ፋርማሲስት
የእናቷ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በሚቀጥለው ስብሰባም ተረኛ ነኝ። እስከዚያ ድረስ ሻንጣው ከበሩ ጀርባ ካልተነሳ ቤታችንን የምትወክለው እናቴ ናት። ጠዋት ጠዋት ቁርስ ከበላን በኋላ ግራ እጅ ማንሳት እየተለማመድን ነው። እኔ እንደ እርስዎ ቆሜ «የሚቃወም?» እላለሁ፣ እሷ እጇን ታነሳለች፤ ትከሻዋ ጋ ሲደርስ ታፍርና ሻርፗን የምታስተካክል መስላ ትመልሰዋለች። ትናንት ግን ከጆሮዋ አልፎ ነበር። እንግዲህ አደራዎን፣ እጅ ሲቆጥሩ በግራ በኩልም ይመልከቱ፤ ሲያዩትም ፊትዎን እንዳያጠቁሩ። ነውር የሠራች መስሏት ቶሎ ታወርደዋለች፣ እርስዎም እንደገና በሙሉ ድምፅ ብለው ይመዘግቡናል።